በርኖስ የበላ ሳሙና

ታናሽ ወንድሜ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። አስተማሪ የምለው ደመወዙን ስለሚቀበል ነው እንጂ የሚያስተምረውስ ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን ነበር። ያን ጊዜ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው በእንግሊዝኛ እየተንደረደረ ያስተምራል። የኛ ሰው ሥራ አብርቶ መቆም፣ ሲያልቅ ማጥፋት ነው። በመሃል ተማሪ እጁን ቢያወጣ እንኳ ቴሌቪዥኑ አይጠብቅም፤ ወንድሜም ልጁን "ዝም በል፣ ያመልጥሃል" ይለዋል። ምን እንደሚያመልጠው ሁለቱም አያውቁትም።

ታዲያ ይህ ሰው ኮሌጅ የተማረውን ሁሉ ሆዱ ውስጥ እንደያዘ ይውልና ማታ ቤት ሲገባ እኛ ላይ ያራግፈዋል። እናታችን እርጎ ስትንጥ አጠገቧ ይቀመጥና "እማዬ፣ ወተት ለምን እንደሚረጋ ታውቂያለሽ?" ይላታል። "ስለሚያድር ነዋ" ትለዋለች። "አይደለም!" ብሎ ይጀምራል፤ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ይቀዳል፣ እሱ ገና መግቢያው ላይ ነው። እኔ ራቤል ከተማ፣ ገበያው ዳር ወፍጮ ቤት ነበረኝ፤ ሞተሩ ከተነሳ የሰው ቃል አይሰማም። ከቤተሰቡ ሁሉ እሱን የቻልኩት እኔ ብቻ የሆንኩት ለዚህ ይመስለኛል። የሚገርመው ግን ሞተሩም አያቆመውም ነበር። ዱቄት እየበነነበት ጆሮዬ ሥር መጥቶ ይጮሃል።

ይህ ሰው ፍቅር ያዘው።

ልጅቷ ከኛ ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ባለቤት ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ አባቷን ታግዛለች፤ ስኳር ትመዝናለች፣ ናፍጣ ትቀዳለች፣ ሒሳብ አትሳሳትም፣ ብዙም አትናገርም። መቼም ቁጥብ ልጅ ነበረች፤ ሰው ሲያናግራት ዓይን ዓይኑን እያየች እስኪጨርስ ትጠብቃለች። ወንድሜ ለዚህ ነው የወደዳት፤ በከተማው ውስጥ እስኪጨርስ የምትጠብቀው እሷ ብቻ ነበረች።

"እሷን ካላገባሁ ሌላ ሴት አላይም" አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ፊቱን ሳየው ግን ዋጥኩት። እውነቱን ነበር። ሰውነቱ ከስቶ፣ እናታችን የምታቀርብለትን እንኳ መብላት ትቶ ነበር። እናቴም በተራዋ እኔን አላስቀምጥ አለች፦ "አባት የለውም፣ አንተ ነህ ያለኸው፣ ሽማግሌ ላክለት።"

አባታችን ከሞተ ወዲህ በሱ ቦታ የሚቆሙልን ታላቅ ወንድሙ፣ አጎታችን፣ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብለው ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ሽምግልና ሲሆን መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ረጅም ናቸው፣ ቃላቸው ጥቂት ነው፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ በርኖስ አላቸው። በርኖሱን ያላየ የለም። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች ከገዛ በጎቻቸው ጥቁር ጠጉር እየለየች፣ ክረምቱን ሁሉ ምድጃ ዳር ተቀምጣ የፈተለችው ነው። ሸማኔው እንኳ እንዲህ ያለ ፈትል አጋጥሞኝ አያውቅም ብሏል ይባላል። አክስታችን ሞተች፤ ልጅ አልወለዱም። ከሷ የቀረላቸው ያ በርኖስ ነው። እሳቸው ይህን አፍ አውጥተው አይናገሩትም፤ ግን ሌላ ሰው ለሠርግ አውሱኝ ሲላቸው "ራሴን ውሰደኝ፣ በርኖሱን ግን አልሰጥህም" ይሉታል።

ሽምግልናውን ግን እሺ አሉ። እሳቸው፣ የንስሐ አባታችንና እኔ እንድንሄድ ተቆረጠ። እዚህ ላይ ነው ወንድሜ አፉን የከፈተው።

"በርኖሱ ይሸታል" አለ።

ይሸታል፣ አልዋሽም። በፋሲካ አጎታችን የታረደ በግ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ነበርና ደሙ ትከሻው ላይ ደርቆ ቆዳ ሆኗል። ዝናብ ሲነካው ይሸታል። ግን የመንዝ በርኖስ ይራገፋል፣ ፀሐይ ይመታል እንጂ ማን ያጥበዋል? ደግሞስ ሽማግሌ ሲመጣ ማን አጎንብሶ ያሸተዋል? ይህን ብነግረው "የልጅቷ አባት ንጹሕ ሰው ነው፤ የሱቁን ደጅ በቀን ሁለቴ ነው የሚያስጠርገው" አለኝ።

ለካስ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ሰሞን ሱቁ አዲስ ዱቄት ሳሙና አምጥቶ ነበር፤ ሰማያዊ ፓኬት፣ ላዩ ላይ ነጭ ሸሚዝ የተሣለበት፣ ኢንዛይም አለው የተባለ። ወንድሜ ኢንዛይም የሚል ቃል አይቶ ሊያልፍ ነው? ሳሙናውን ሊገዛ ይገባል፣ ስለ ኢንዛይም ሲያስረዳት ሳሙናውን ረስቶ ይወጣል፣ ረሳሁ ብሎ ተመልሶ ይገባል። አንዱን ገዝቶ ሲጨርስ ሌላ ይጨምራል። ቤታችን በሳሙና ተሞላ። "ስትሰማኝ ብታያት!" ይለኛል። "ለመናገር አፏን ትከፍትና ቃል ያጥራታል። ገርሟት ነው።"

እኔም የሰማሁት ትምህርት ይኸው ነው፣ በሞተሩ ላይ እየጮኸ።

"ፕሮቲን ማለት ረጅም ሐብል ነው። ደም ፕሮቲን ነው፤ ወተትም፣ እንቁላልም። ኢንዛይሙ ቆራጭ ነው። ሐብሉን እየቆራረጠ ያደቀውና ከውሃው ጋር ይሄዳል።"

"እሺ።"

"የኢንዛይሙን መጠን ስታበዛ የመቆራረጡ ፍጥነት ይጨምራል። እጥፍ ካደረግኸው በእጥፍ ይፈጥናል። በደቦ አስበው፤ አጫጅ ሲበዛ ገብሱ ቶሎ ይነሳል።"

"አጫጁ ከገብሱ ከበዛስ?" አልኩት፣ እንዲያው አፉን ለማዘጋት።

"ጎበዝ!" ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ታላቅ ወንድሙ ነኝ እኮ! "ያን ጊዜ ፍጥነቱ ባለበት ይቆማል። የሚታጨድ ካለቀ የተረፈው አጫጅ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ማብዛቱ ጉዳት የለውም፤ ቢበዛ ሳሙና ይባክናል።"

ትምህርቱ ልክ ነው አሉ፤ ኋላ የጠየቅኋቸው የተማሩ ሰዎች ሁሉ ልክ ነው ብለውኛል። ፕላዝማውም እንዲሁ ነው ያስተማረው። አንዲት ነገር ብቻ ነች የቀረችው። የበግ ጠጉር ራሱ ፕሮቲን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ክሩ ሁሉ። ያ ቆራጭ የተባለው ነገር ደግሞ የቱ የበግ ደም፣ የቱ የአክስታችን ፈትል እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅበት ዓይን የለውም። ደሙ ሲያልቅ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ገና ማሳው ሙሉ ነው።

አጎታችን በርኖሱን ለማስረከብ እንዴት እንዳስቸገሩ! "ይቅር ልጄ፣ እንዲሁ እሄዳለሁ" አሉት። እሱ ለመናቸው፣ እናቴም ለመነችለት። በመጨረሻ ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ሰጡትና "ይህ የሷ እጅ ነው። የምታደርገውን ታውቃለህ?" አሉት።

"ያስተማርኩት ነው፣ አባባ" አለ።

ያስተማርኩት! ፕላዝማው ቢሰማ በሳቀ።

ሳፋ አመጣ። ውሃ አሞቀ፤ ብርድ ኢንዛይሙን ያዘገየዋል ብሎ ሳፋውን ምድጃ ዳር አስጠጋው። አንድ ማንኪያ በሚበቃው ላይ አንድ ፓኬት ሙሉ ገለበጠበት፤ ትንሽ አሰበና ሌላ ጨመረ። ደሙ ያለበትን ትከሻ ደግሞ ለብቻው በውሃ በለወሰው ሳሙና እንደ ምርጊት መረገው። "እዚህ ላይ ነው ብዙ ሥራ ያለው" አለ። በርኖሱ ቀኑን ዋለ፣ ሌሊቱን አደረ። እናቴ እየመጣች "ኧረ ይብቃው ልጄ፣ ተቀቀለ እኮ" ስትለው "እማዬ፣ ሳይንስ ነው፣ አትንኪው" ይላታል። ጧት ውሃው ከሰል መስሎ ነበር።

"አየህ ቆሻሻውን!" አለኝ በደስታ።

ቆሻሻ ያለው የአክስታችንን ፈትል ነበር።

ሲደርቅ ለሰለሰ። ይህን ልክድ አልችልም፣ በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ያ ትከሻ የሚያጎብጥ በርኖስ ቀሎ፣ እንደ ሕፃን መታቀፊያ ሆኖ ነበር። ወንድሜ እየደባበሰ "እንደ ሐር!" ይላል። አጎታችን በተቆረጠው ቀን ማለዳ መጡ፣ ተቀበሉት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"አበባ አበባ ይላል" አሉ።

"ደስ አይልም?" አለ ወንድሜ።

"የማን ነው?" አሉት። መልስ ሳይጠብቁ ለበሱትና ወጣን። እኔ ያን ጊዜ ነገሩ በቅጡ አልገባኝም፤ ቸኩለን ነበር።

የልጅቷ አባት ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው። እንግዳ ተቀባይ ሰው ነው፣ በሩ ላይ ወጥቶ "ምን እግር ጣላችሁ? ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ። የመጣንበትን ሳያውቅ የቀረ እንዳይመስላችሁ፤ ወንበሩ ተደርድሮ፣ አረቂው ቀርቦ ነበር። አጎታችን ግን ወግ አዋቂ ናቸው። ጉዳዩ ሳይነገር ሽማግሌ አይቀመጥም፣ አይቀምስም። በትራቸውን ተደግፈው መሃል ቤት ቆሙ፤ እኛ ከኋላቸው። ከቁመታቸው የተነሳ ያ ቤት ጠበበ።

"እኛ ለደግ ነው የመጣነው" አሉ። "ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው።" ይህን ሲሉ እንደ ደንቡ በትራቸውን ይዘው ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

ትከሻው ተከፈተ።

ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ የተቀደደ ጨርቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም፣ እንደ ትንፋሽ ነው ያለው። በርኖሱ ከአንገታቸው እስከ ክንዳቸው ለሁለት ሄደ። አጎታችን ደንግጠው በግራ እጃቸው ሊሰበስቡት ያዙት፤ የያዙት ጭብጥ እንዳለ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። የንስሐ አባታችን "በስመ አብ ወወልድ!" ብለው አማተቡ። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። ያ ረጅም ሰው እፍኝ ጥቁር ጠጉር ይዘው እጃቸውን ያያሉ፤ ሰው አይመለከቱም፣ እጃቸውን ብቻ።

የልጅቷ አባት ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያየው። ወደፊት ጠጋ ብሎ ጨርቁን በጣቱ ነካ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይህን በምን አጠባችሁት?" አለ።

ወንድሜ የሚጠፋበት ወይም የሚተርፍበት ቃል ይህ ነበር። እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት አጎታችን ቀደሙኝ።

"እኔው ነኝ" አሉ። "ሴት የሌለበት ቤት ነው። ባገኘሁት ሳሙና ነካካሁት።"

እኚህ ሰው በዕድሜያቸው ሳፋ ውስጥ እጃቸውን አስገብተው አያውቁም! እንባዬ መጣ። የገዛ ሚስታቸውን እጅ ያጠፉት እሳቸው ሆነው ቆሙ፣ ለዚያ ለፍላፊ ሲሉ።

ሰውየው ራሱን ያዘ። "የኔ ጥፋት ነው" አለ። "ከኔ ሱቅ የወጣ ሳሙና ነው፤ አውቀዋለሁ። የኔንም ሹራብ እንዲሁ አድርጎ በልቶታል።" ጋቢውን ከላዩ አውልቆ አጎታችን ትከሻ ላይ ደረበ። የንስሐ አባታችን አጋጣሚ አያመልጣቸውም፤ "ይኸው እንግዲህ፣ ገና ሳትዛመዱ ተለባበሳችሁ፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" አሉ። ሰውየው ፈገግ አለ። እመኑኝ፣ ልጅቷን ሰጥቶን ነበር። ነገሩ አልቆ ነበር። በሆዴ "ይህ ደደብ ዕድለኛ ነው!" እያልኩ ነበር።

ሰውየው ግን በቅርቡ ወረዳ ተጠርቶ ስለ ሴቶች መብት ተሰብስቦ ነበር። ስብሰባ በማይጠፋበት በዚያ ዘመን እንኳ ይህኛውን በልዩ ወዶት፣ ለገዢው ሁሉ ሲያወራው ሰንብቷል። "እኔስ እሺ ነኝ" አለ ደረቱን ነፍቶ፣ "ግን ዘመኑ የቀድሞው አይደለም። ልጅቷ ሳትጠየቅ አትዳርም። ፊታችሁ ትጠየቅ።" ጠራት። አንገቷን ደፍታ "አባባ ያለው ይሁን" እንደምትል ርግጠኛ ነበር፤ እኛም እንደዚያው።

ገባች። በርኖሱን አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባቷ ጠየቃት። እሷ የምታየው ግን አጎታችንን ነበር።

"ያጠቡት እርስዎ አይደሉም" አለቻቸው በቀስታ። "ሳሙናውን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ለአጎቴ በርኖስ ነው ሲለኝ፣ ለበግ ጠጉር አይሆንም፣ የአባቴን ሹራብ በልቶታል አልኩት። በመጣ ቁጥር ነገርኩት። እሱ ግን ስለ ኢንዛይም እያስተማረኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልሰማኝም።"

"እሺ፣ ይህ እንግዲህ የሳሙና ነገር ነው፣ ልጄ..." አለ አባቷ።

"ጠየቅኸኝ እኮ አባባ። እሱን አላገባም። እኔ የምፈልገው ትዳር ነው፤ ዕድሜ ልኬን ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልፈልግም።" ወደ አጎታችን ዞር ብላ "እርስዎ ይቅር ይበሉኝ" አለችና ወጣች። ያ ሰው የመብት ስብሰባውን ሲረግም በዓይኔ አየሁት፤ ግን ሽማግሌ ፊት ጠይቋታል፣ ቃሏን መልሶ ሊወስድ አይችልም። ተሰናብተን ወጣን።

መንገድ ላይ አጎታችን የተነቀለውን ጠጉር አልጣሉትም፤ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። የንስሐ አባታችን ተለይተውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲታጠፉ ነው አጎታችን አፋቸውን የከፈቱት።

"የኔዋ ስትናገር እኔ ዝም እል ነበር" አሉኝ። "ብርድ ትፈራለህ፣ አትደብቀኝ አለችኝ አንድ ቀን። እውነቷን ነበር፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ነው ይህን መፍተል የጀመረችው።"

ክንዳቸውን ይዤ ሄድን።

ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። አዲስ ሸሚዙን ለብሷል። ገና ሳንደርስ "ምን አሉ?" አለ። ከዚያ ከጋቢው ሥር የተቀደደውን የበርኖሱን ትከሻ አየና ዓይኑ ፈጠጠ። እኔ ምንም አላስቀረሁለትም፤ ንዴቴም አልበረደልኝም ነበርና ቃል በቃል ነገርኩት። አጎታችን ጥፋቱን እንደወሰዱለት፣ ሰውየው እሺ ብሎ እንደነበር፣ ልጅቷ ያለችውን፤ ለበግ ጠጉር አይሆንም ብላ በመጣ ቁጥር እንደነገረችው። ሁሉንም።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። አሳዘነኝ፤ ወንድሜ ነው። አሁንስ ገባው ብዬ፣ አጎታችን እግር ላይ ይወድቃል ብዬ ጠበቅሁ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ እጁን አነሳ፣ ጣቶቹን ዘረጋ።

"ቆይ፣ ጠጉሩም ፕሮቲን ነው ማለት ነው..." አለ። "ስለዚህ የሚቆራረጠው ነገር አላለቀም፤ ካላለቀ ደግሞ መጠኑ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። ልክ ነው! ሕጉ ልክ ነው!" ከዚያ ቀና ብሎ ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ግን እኮ ለሱፍ አይሆንም ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው እንኳ የለም።"

አጎታችን የሰውየውን ጋቢ ከላያቸው አነሱ፣ አጥፈው እንድመልስላቸው እጄ ላይ አኖሩት። የተቀደደውን በርኖስ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ገጥመው ያዙት።

"ልጅቷስ ተረፈች" አሉኝና ወደ ቤታቸው ሄዱ።